የድንቅነሽን ዕድሜ የነገረን አመዱ ነው

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የባዮሎጂ መምህርት ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ አንድ ነገር ላይ ችክ ይላሉ። ‹ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ይባላል። አጥንቷ ላይ ተጽፎ ነው ወይ? ከተሰባበረ አጥንት ተነስተው በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፣ ይህን ትበላ ነበር፣ ቅድመ አያታችን ናት የሚሉት ዝም ብለው ገምተው አይደለም?› ይሉኛል። ‹ከዝንጀሮ ከመጣን ዝንጀሮ ለምን አሁንም አለ?› የሚለውም አይቀርም። መጽሐፉ ላይ ያለው መልስ አጭር ነው። ሳይንቲስቶቹ ምን አድርገው ነው የሚያውቁት?»

ተማሪዎችዎ እውነታቸውን ነው። አጥንቷ ላይ ምንም አልተጻፈም። እንዲያውም አጥንቷን ብቻ ይዞ ዕድሜዋን በትክክል የሚናገር ሰው የለም። ብዙ ሰው የሚያውቀው የካርቦን 14 ዘዴ እዚህ አይሠራም። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ የሚለካ ነገር አይተርፍም። ድንቅነሽ ደግሞ ይህን ከ60 ጊዜ በላይ ታጥፋለች።

ታዲያ ማን ነገረን? የተኛችበት መሬት። እኔ የሥነ ምድር ሰው ነኝ። ጓደኞቼ አጥንቱን ሲያዩ እኔ አጥንቱ የወጣበትን አፈር ነው የማየው። ስለዚህ መልሴ ወደ አፈሩ ያደላል። ማድላቴ ግን ምክንያት አለው። አጥንት ከተገኘበት ቦታ ከተለየ ዲዳ ነው። ተማሪዎችዎ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህቺን እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ።

ከመስኩ ልጀምር። ብዙ ሰው ቅሪተ አካል ተቆፍሮ የሚወጣ ይመስለዋል። እንደ አፋር ባለ ቦታ ግን ዋናው ቆፋሪ ዝናብ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ገደሉን ይሸረሽረዋል። ሚሊዮን ዓመት ተቀብሮ የኖረ አጥንት ብቅ ይላል። በጊዜው ያየው ሰው ከሌለ ፀሐይና ጎርፍ ፈጭተው ያጠፉታል። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው መሄድ ነው። ሰዎች ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ጠዋትና ወደ ማታ ይመረጣል። ፀሐይ ጋደል ስትል አጥንቱ ከድንጋዩ ተለይቶ ይታያል። ቀለሙ ይለያል፣ ልስላሴው ይለያል። ዓይን ሲለምድ ነገሩ ይገርማል። አዲስ ሰው አሥር ጊዜ ረግጦት ያለፈውን የአካባቢው አርብቶ አደር ከሩቅ ያየዋል።

ድንቅነሽም የተገኘችው እንዲሁ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1974፣ ቅሪተ አካል ፈላጊዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ፍለጋቸውን ጨርሰው ወደ መኪናቸው ሊመለሱ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጆሃንሰን አንድ ጉድባ ውስጥ ትንሽ የክንድ አጥንት አየ። በክርን በኩል ያለው ጫፍ ነው። ቀና ብለው ዙሪያውን ሲያዩ የራስ ቅል ስባሪ አለ። የጭን አጥንት አለ። የአከርካሪ አጥንት፣ የዳሌ አጥንት አለ። ከዚያ በኋላ አፈሩን ለሳምንታት በወንፊት ነፉት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ተለቅመው ሲገጣጠሙ የአንድ አካል 40 ከመቶ ያህል ሆኑ።

የአንድ አካል መሆኑ በምን ታወቀ? አንድም አጥንት ሁለት ጊዜ አልተገኘም። ሁለት የቀኝ ክርን የለም። ሁለት የግራ ዳሌ የለም። መጠናቸው እርስ በርሱ ይጣጣማል። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ግን ሕፃን አልነበረችም። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ በቅሏል። ይህ ተማሪዎችዎ «ግምት» የሚሉት ነገር ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከኋላው አንድ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር አለው።

አንድ ነገር ከራሴ ልናገር። መስክ መውጣት በጀመርኩበት ዓመት አንድ የሚያምር የአሳማ ጥርስ አገኘሁ። ሙሉ ነው፣ ያበራል። ደስታዬን መያዝ አቃተኝና ጥርሱን ጨብጬ ወደ መምህሬ ሮጥኩ። ጥርሱን እንኳ አላዩትም። «ከየት?» አሉኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሸንተረሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከሰዓቱን ሙሉ አብረን ፈለግን። ቦታውን አላገኘነውም። ከላይኛው ንጣፍ ይውጣ ከታችኛው ማንም ሊያውቅ አልቻለም። በሁለቱ መካከል ደግሞ እጅግ ብዙ ሺህ ዓመታት አሉ። ያ ጥርስ ለጥናት ሳይሆን ቀረ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። አጥንት ሲታይ መጀመሪያ ባሉበት መቆም ነው። ትንሽ ባንዲራ ይተከላል። ፎቶ ይነሳል። ጂፒኤስ ይመዘገባል። ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ይጻፋል። መነሳት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አመዱ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ሰማይ ወጥቶ ይወርድና መሬቱን ይሸፍነዋል። በላዩ ወንዝና ሐይቅ ደለል ያመጣሉ። ሌላ ጊዜ ሌላ ፍንዳታ፣ ሌላ አመድ። ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ጎርፍ ገደሉን ሲቆርጠው በጎን በኩል የተደራረበ ብርድ ልብስ ይመስላል። ቡኒው ወፍራሙ ደለል ነው። ነጣ ያለው ስስ መስመር አመዱ ነው። አጥንት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ደለሉ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ያለው ግን አመዱ ውስጥ ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ይሠራል። አመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባሉ ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጡም። በውስጣቸው ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ እጅግ ጥቂቱ ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ነው። እሱ በራሱ ጊዜ እየፈረሰ ይሄዳል። ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ከሚፈርሰው ውስጥ ከመቶ 11 ያህሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ግን በሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ የሚፈጠረው አርጎን መውጫ የለውም፤ እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ሰዓቱ ከዜሮ የሚጀምረው እሳተ ገሞራው በፈነዳበት ጊዜ ነው። ምን ያህል ፖታሲየም እንዳለና ምን ያህል አርጎን እንደተጠራቀመ ከታወቀ የቀረው ሒሳብ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ አመዱ ይታጠባል፣ ይነፋል። ከዚያ አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ ጥርት ያሉትን ክሪስታሎች በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅማል። የደፈረሰው ይጣላል። ስንጥቅ ያለው ይጣላል። ቀኑን ሙሉ ለቅመው የሚያገኙት የጥፍር ጫፍ አይሞላም። የተመረጡት የኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ። እዚያ ከፖታሲየሙ ከፊሉ አርጎን 39 ወደሚባል ሌላ ዓይነት አርጎን ስለሚለወጥ ሁለቱንም ነገር በአንድ መሣሪያ መለካት ይቻላል። በመጨረሻ ክሪስታሉ በሌዘር ይመታል። ቀይ ሆኖ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ያፈነውን ጋዝ ይለቃል። መሣሪያው ጋዙን ይለካል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን አፌን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ሚሊዮን ዓመት የታፈነ ትንፋሽ ነው የወጣው።

ለምን አንድ በአንድ? ጎርፍ አንዳንዴ የቆየ ክሪስታል ከአዲሱ አመድ ጋር ይቀላቅላል። በጅምላ ከተለካ የሽማግሌው ዕድሜ ለወጣቱ ይደርሰዋል። አንድ በአንድ ሲለካ ግን ባዕዱ ወዲያው ይለያል።

ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ አመድ አለ። ዕድሜው 3.18 ሚሊዮን ዓመት ነው። እሷ ከአመዱ በላይ ስለሆነች ከዚያ ትንሽ ታንሳለች። «3.2 ሚሊዮን» የሚባለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ዕድሜው የአመዱ ነው፤ እሷ ጎረቤቱ ናት።

አርዲ የምትባለው፣ ከድንቅነሽ የቀደመችው ቅሪተ አካል፣ ደግሞ ከዚህም የተሻለ ዕድል አላት። አራሚስ የሚባል ቦታ፣ መካከለኛው አዋሽ ውስጥ፣ በ1994 ነው የተገኘችው። የመጀመሪያዎቹን የእጅ አጥንቶች ያየው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። አጥንቶቿ የነበሩበት ደለል ከታችም ከላይም አመድ አለው። የታችኛውን በአፋርኛ «ግመል»፣ የላይኛውን «ዝንጀሮ» ብለው ሰይመውታል። ሁለቱም ሲለኩ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ወጡ። ልዩነታቸው መሣሪያው ሊለየው የማይችለው ያህል ትንሽ ነው። ስለዚህ አርዲና አብረዋት የተገኙት ዝንጀሮዎች፣ ወፎች፣ የዛፍ ፍሬዎች ሁሉ በአንድ ዘመን የኖሩ ናቸው። ሣርና ዛፉ ምን ይመስል እንደነበር ሁሉ ማወቅ የተቻለው በዚህ ነው።

እያንዳንዱ ፍንዳታ አመዱን የሚያወጣው በራሱ የኬሚካል ቅመራ ነው። እንደ ጣት አሻራ ነው ማለት ይቻላል። ኦሞ ኪቢሽ ላይ በ1967 የተገኘው የእኛው የሆሞ ሳፒየንስ አጥንት ለብዙ ጊዜ 195 ሺህ ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆይቷል። በላዩ ያለው አመድ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ በቀጥታ ሊለካ አልቻለም። በ2022 የታተመ ጥናት የዚያን አመድ ኬሚስትሪ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር አገናኘው። ሻላ አጠገብ ያለው ድንጋይ ደግሞ የሚለካ ክሪስታል ነበረው። ውጤቱ 233 ሺህ ዓመት ሆነ፤ ወደላይም ወደታችም 22 ሺህ ሊል ይችላል። አጥንቱ ከአመዱ በታች ስለሆነ ቢያንስ ያን ያህል ዕድሜ አለው። አጥንቱን ማንም አልነካውም፤ ዕድሜው ግን ወደ አርባ ሺህ ዓመት ገደማ ጨመረ።

አመድ በሌለበት ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ደለል ውስጥ ያሉ የብረት ማዕድናት ሲረጉ የምድርን መግነጢስ አቅጣጫ ይይዛሉ። የምድር መግነጢስ ደግሞ በየጊዜው ተገልብጧል። የመጨረሻው ከ770 እስከ 780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ይህ ብቻውን ዕድሜ አይሰጥም፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲገጥም ግን ጥሩ ምስክር ነው።

ሳይንቲስቶች አይሳሳቱም ወይ? በደንብ ይሳሳታሉ። ተማሪዎችዎ የሚወዱት ታሪክ አለኝ። በ1972 ኬንያ ውስጥ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ አንድ የራስ ቅል ተገኘ። ቁጥሩ 1470 ነው። አንጎሉ ለዘመኑ ትልቅ ነው። ከአንድ የታወቀ አመድ በታች ነበር የተገኘው። ያ አመድ 2.6 ሚሊዮን ዓመቱ ነው ተብሎ ነበር። እንዲያ ከሆነ የራስ ቅሉ ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋል ማለት ነው። ዓለም ጉድ አለ።

ከድንበሩ ወዲህ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ የሚሠሩት ግን ነገሩ አልዋጥ አላቸው። ምክንያታቸው አሳማ ነው። የዱር አሳማ ቅሪት በምሥራቅ አፍሪካ እንደ ጉድ ይገኛል፤ መንጋጋ ጥርሱም ከዘመን ዘመን ቶሎ ይለዋወጣል። እየረዘመ፣ ከፍ እያለ ይሄዳል። የኦሞ ንጣፎች በደንብ ስለተለኩ የትኛው ዓይነት የአሳማ ጥርስ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ከኬንያው አመድ ሥር የወጡት አሳማዎች ጥርሳቸው ኦሞ ላይ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከኖሩት ጋር አንድ ሆነ። ወይ አሳማው ዋሽቷል፣ ወይ አመዱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ሰዎችም ተኳረፉ። በኋላ አመዱ በጥንቃቄ እንደገና ተለካ። 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወጣ። የመጀመሪያው ናሙና ውስጥ የቆየ ማዕድን ተቀላቅሎ ነበር። አሳማው ረታ።

ይህን ታሪክ የምወደው ስህተቱ ስላለበት ነው። አንድ መንገድ ሲስት የሚያርመው ከእሱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሌላ መንገድ ነው። ፖታሲየም ስለ አሳማ ጥርስ የሚያውቀው የለም። የአሳማ ጥርስም ስለ ፖታሲየም አያውቅም። ሁለቱ አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ነው ልባችን የሚያርፈው።

መሬቱ የሐሰት ምስክርም አጋልጧል። በ1912 እንግሊዝ አገር ፒልትዳውን ላይ ተገኘ የተባለ የራስ ቅልና መንጋጋ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ብዙ ሰው አመነበት። ነገር ግን አጥንት መሬት ውስጥ ሲቆይ ከከርሰ ምድር ውሃ ፍሎሪን ይስባል። አብረው የተቀበሩ አጥንቶች የተቀራረበ ፍሎሪን ሊኖራቸው ይገባል። ፍሎሪኑ መመርመሩ ጥርጣሬውን አጠናከረው፤ በ1953 ማጭበርበሩ ተጋለጠ። የራስ ቅሉ የሰው ነው። መንጋጋው የኦራንጉታን ሲሆን ጥርሱ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ የተቀመጠ ነው።

አሁን በሁለት እግር ስለመሄድ። ይህን በራስ አካል ማየት ይቻላል። ተማሪዎችዎ ተነስተው ይቁሙና የጭናቸውን አቅጣጫ ይመልከቱ። ከዳሌ ሰፋ ብሎ ይነሳና ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ይገባል። ስንራመድ አንድ እግር ሲነሳ ሰውነታችን በሌላው ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው በዚህ ነው። ቺምፓንዚ የጭን አጥንቱ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራ ቀኝ የሚንገዳገደው ለዚህ ነው። ድንቅነሽ ከመገኘቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1973፣ ጆሃንሰን ሐዳር ላይ የጉልበት መገጣጠሚያ አግኝቶ ነበር። የአጥንቱ ዘንበል ማለት የእኛው ዓይነት ነው። የድንቅነሽ ዳሌም አጭርና ሰፊ ነው፤ እንደ ቺምፓንዚው ረጅም አይደለም።

ለዚህ ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ማስረጃ ግን አጥንት እንኳ አይደለም። ታንዛኒያ ውስጥ ላኤቶሊ በሚባል ቦታ የእግር ዱካ አለ። የሜሪ ሊኪ ቡድን በ1978 ነው ያገኘው። እሳተ ገሞራ አመድ አዘነበ። ቀለል ያለ ዝናብ ወረደበት። አመዱ ጭቃ ሆነ። በዚያ ጭቃ ላይ እነዚያ ፍጡራን ተራምደው አለፉ። ጭቃው ደረቀ፣ ሌላ አመድ ሸፈነው። 3.66 ሚሊዮን ዓመት እንዲሁ ቆየ። መንገዱ 27 ሜትር ያህል ነው። ተረከዙ ጠለቅ ይላል። አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጋር ተስተካክሎ ወደ ፊት ያያል። የእጅ አሻራ የለም። ትናንት ዝናብ ከዘነበ በኋላ ሰው ያለፈበት ጭቃ ይመስላል።

ግን ታሪኩ «ከዛፍ ወርደው ሄዱ» ብሎ የሚያልቅ አይደለም። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ሰላም ይህን አሳይታናለች። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ወገኗ የድንቅነሽ ነው፤ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ። አጥንቶቿ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቀው ነበር። ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት እያነሳ ለዓመታት ነው ያወጣት። የጎድን አጥንት ከጎድን አጥንት እየለየ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንዲት የተሳሳተች ንክኪ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የቆየውን ነገር ትሰብረዋለች። የወጣችው ሕፃን እግሯ የሚራመድ ነው። የትከሻ አጥንቷ ግን ወደ ጎሪላ ያደላል፤ ጣቶቿ ቆልመም ያሉ ናቸው። ትራመዳለች፣ ዛፍ ላይም ሳትወጣ አትቀርም። አርዲ ደግሞ ከዚያ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድማ ቀጥ ብላ ትራመድ ነበር፤ ግን የእግሯ አውራ ጣት እንደ እጅ ይጨብጣል። ለውጡ አንድ ቀን የመጣ ሳይሆን ክፍል በክፍል የመጣ ነው። አንጎል ደግሞ ከሁሉም ዘግይቷል። የድንቅነሽ ወገኖች አንጎል የእኛን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። መጀመሪያ ተራመድን፤ ማሰባችን የሰፋው ብዙ ቆይቶ ነው።

ጥርስ ስለ ምግብ ይናገራል። የሞቃት አገር ሣር ካርቦን የሚወስደው ከዛፍ ቅጠል በተለየ መንገድ ነው። የካርቦን ዓይነቶቹ መጠን ይለያያል። ሣሩን የበላ፣ ወይም ሣር የበላ እንስሳን የበላ፣ ልዩነቱ ጥርሱ ላይ ይቀራል። የአርዲ ጥርስ በአብዛኛው የዛፍ ምግብ ያሳያል። የድንቅነሽ ወገኖች ግን ከሣር በኩል የሚመጣውንም ጀምረው ነበር። ጥርስ ሲያድግ ደግሞ በየቀኑ ስስ መስመር ይጥላል፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት። የሰላም ጥርስ ፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው ኃይለኛ የኤክስሬይ መሣሪያ ታይቶ መስመሩ ሲቆጠር ስትሞት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ይባል ነበር።

ዲኤንኤስ? ተማሪዎችዎ መጠየቃቸው አይቀርም። ዲኤንኤ ሙቀት አይችልም። ከሰው ወገን ተነብቦ የሚታወቀው እጅግ የቆየው ዲኤንኤ ስፔን ውስጥ ከአንድ ዋሻ የተገኘው ነው፤ 430 ሺህ ዓመት ገደማ። ከድንቅነሽ ዲኤንኤ መጠበቅ አይቻልም። ዛሬ ያለነው ግን የድሮውን በደማችን ይዘናል። ቺምፓንዚ 24 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፣ እኛ 23። አንዱ የት ሄደ? የእኛ ሁለተኛው ክሮሞሶም ከሁለት የተጣበቀ ነው። መጣበቂያው ቦታ ላይ የጫፍ ምልክቱ መሃል ገብቶ ይታያል። ይህን ባነበቡ ቁጥር ደጋግሞ የሚያስገርም ነገር ነው። የእኛና የቺምፓንዚ መንገድ የተለያየው ከስድስት እስከ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ የሚሰላው የሁለቱን ዲኤንኤ በማነጻጸር ነው። ቻድ ውስጥ የተገኘው ቱማይ የሚባለው የራስ ቅል ወደ ሰባት ሚሊዮን መጠጋቱ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

«ቅድመ አያታችን ናት» የሚለው ላይ ግን ልጆቹ ቢጠራጠሩ አልከፋም። ድንቅነሽ ራሷ ልጅ ትውለድ አትውለድ የሚነግረን አጥንት የለም። ማለት የሚቻለው ወገኗ፣ አፋረንሲስ፣ ወደ እኛ ከሚመጣው መስመር ጋር በጣም የተጠጋ ነው፤ ምናልባትም ራሱ ነው። ለምን «ምናልባት»? ምክንያቱም በዚያ ዘመን ብቻዋን አልነበረችም። ወራንሶ ሚሌ ላይ የዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያለው የእግር አጥንት በ2012 ይፋ አድርጓል። አውራ ጣቱ አሁንም የሚጨብጥ ነው፤ የአፋረንሲስ እግር አይደለም። በ2019 ደግሞ እዚያው አካባቢ የተገኘ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያለው ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል የራስ ቅል ይፋ ሆነ። የአናመንሲስ ነው፤ ለአፋረንሲስ እናት ይሆናል ተብሎ የሚታሰበው ዓይነት። ግን እናትና ልጅ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ሳይኖሩ አልቀረም። የእኛ ወገን፣ ሆሞ፣ እስካሁን በቀዳሚነት የሚታወቀው ሌዲ ገራሩ ላይ በ2013 በተገኘ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ባለው የመንጋጋ ስባሪ ነው። ያየው ያኔ ተማሪ የነበረው ቻላቸው ስዩም ነው። በድንቅነሽና በዚህ መንጋጋ መካከል አራት መቶ ሺህ ዓመት ያህል አለ። በዚያ ክፍተት ያለን ማስረጃ በጣም የሳሳ ነው። መስክ በወጣሁ ቁጥር የማስበው እሱን ነው።

ስለ ዝንጀሮው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አሳስቶናል። በአማርኛ ዝንጀሮ ስንል ገደል ላይ በመንጋ የሚሄደውን ባለ ጅራቱን ነው። ከእሱ ጋር የተለያየነው እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቺምፓንዚ ሌላ ነው፤ ጅራት የለውም፣ ለእኛ በጣም ይቀርባል። ከእሱም ቢሆን አልመጣንም። እኛና እሱ የጋራ አያት ነበረን። ያ አያት ቺምፓንዚም አልነበረም፣ ሰውም አልነበረም። ተማሪዎችዎ የአጎታቸውን ልጅ ያስቡ። ከአጎታቸው ልጅ አልተወለዱም። ከአንድ አያት ነው የወረዱት። የአጎት ልጅ ዛሬም በሕይወት አለ ብሎ የሚደነቅ ሰው የለም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ከተማሪዎችዎ አንዱ ወደ ገጠር ሲሄድ ጎርፍ ከበላው ገደል ሥር ድንጋይ የሆነ አጥንት ሊያይ ይችላል። ከዚያ በፊት ያዩትም አሉ። አያንሳው። አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጦ ከቅርብ ፎቶ ያንሳ። ከዚያ ራቅ ብሎ ገደሉ በሙሉ እንዲታይ ሌላ ፎቶ ያንሳ። ስልኩ ላይ ቦታውን ይመዝግብ። ከዚያ ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ይንገር። አጥንቱ ባለበት ከቆየ፣ ከበላዩና ከበታቹ ያለው አመድ ሄደን የምንጠይቀው ነገር ይኖረዋል።